የመሥሪያ ቤታችን ቡድን ከውጭ ተጫዋች ያስገባ ወይስ በሠራተኛው ይቀጥል? (ጅማ)

ንብረት ክፍል

ሰላም ለሁላችሁ። የምሠራው ጅማ ውስጥ ቡና አበጥሮ ወደ አዲስ አበባ በሚልክ ድርጅት ነው፤ ንብረት ክፍል። ከዚያ ጎን ለጎን የእግር ኳስ ቡድናችን ቡድን መሪ ነኝ። ኳስ ተጫውቼ አላውቅም። ኳሱም ማልያውም በሞዴል 22 (በንብረት ወጪ ደረሰኝ) ከእኔ ስቶር ነው የሚወጣው፤ ንብረቱን ተከትዬ ሜዳ መሄድ ጀመርኩና ከዚያ ወዲህ ቅዳሜዬ የነሱ ሆኗል።

ታሪኩ ስለሚረዝም ጥያቄዬን አስቀድሜ ልጻፍ። አዲሱ ሥራ አስኪያጃችን ለሚያዝያ 23 የሠራተኞች ቀን በሚደረገው የመሥሪያ ቤቶች ውድድር ዋንጫ ይፈልጋል። ያቀረበው መንገድ ከሰፈር ቡድኖች ስድስት ሰባት ወጣቶችን በቀን ሠራተኛ ስም ለሁለት ወር መዝግቦ ማሰለፍ ነው። እስካሁን የተጫወቱት ተቀያሪ ወንበር ላይ ይቀመጣሉ ማለት ነው። ሰኞ ስብሰባ አለ፤ የቡድን መሪ ሐሳብ እንዳቀርብ ተነግሮኛል። እናንተ ዘንድ እንዴት ነው? የውጭ ተጫዋች የሚገድብ ደንብ ካላችሁ ምን ብላችሁ ጻፋችሁት? በዕድሜ የገፉትን ይዞ መወዳደርስ ይቻላል?

አሁን ስለ ቡድኑ ልንገራችሁ፤ ሳታውቁት ምክር ልትሰጡ አትችሉም።

ችግራችን ከወቅቱ ይጀምራል። ጅማ ላይ ሜዳ የሚደርቀው ከኅዳር እስከ የካቲት ነው፤ ቡና የሚገባውም ያኔ ነው። ጀንፈሉ፣ ማለት ገና ያልተፈለፈለው ደረቅ ቡና፣ ከጎማ፣ ከማና፣ ከሊሙ በመኪና ሲገባ ቅዳሜ የሚባል ቀን የለም። መፈልፈያው ሌሊትም ይሠራል። አማካያችን ሚዛን ላይ ነው፤ ከሚዛኑ አይነቃነቅም። ሁለቱ አጥቂዎቻችን ሾፌሮች ናቸው፤ እኛ ሜዳ ላይ ስንጠብቃቸው እነሱ ወሊሶ ደርሰዋል። ሥራው ሲቀል መጋቢት ይገባል፣ ዝናቡም አብሮት። የምንለማመድበት ሜዳ ኪቶ በኩል ስለሆነ መሬቱ ድሮም ውኃ ያቁራል፤ አንድ ሌሊት ከዘነበ ኳስ አይነጥርበትም። ባለፉት ዓመታት ደግሞ ሮመዳንና ዐቢይ ጾም እየተገጣጠሙ ከቡድኑ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ጿሚ ሆኖ ነው ልምምድ የምንሠራው። ከሰዓት በኋላ እንዳናደርገው ቅዳሜ ከሰዓት በጅማ በርጫ ነው፤ ማንም አይመጣም። ስለዚህ ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ የመጣው መጣ።

ባለፈው ታኅሣሥ ለወዳጅነት ጨዋታ ስምንት ሆነን ገባን። 6 ለ 0። በረኛችን የጥበቃ ሠራተኛ ነው፤ ሌሊቱን ተረኛ አድሮ በቀጥታ ሜዳ መጣ። ስድስቱም ሲገቡበት አንድ ጊዜ እንኳ ተከላካዮቹ ላይ አልጮኸም። መጨረሻ ላይ ጓንቱን ስቀበለው እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር። «ብርድ ነው» አለኝ። ያን ዕለት ሻይና ጮርናቄ ጋብዣቸው ማንም ሳይናገር በልተን ተለያየን።

ከሽንፈቱ የባሰብኝ ግን የመኪና ረዳቱ ጉዳት ነው። ቁርጭምጭሚቱ ዞረ፤ እዚያው ሜዳ ላይ አሹት፣ ሳቡት፣ ማታ እግሩ አብጦ ጫማ አልገባ አለው። ረዳት መኪና ላይ ካልወጣ አበል የለውም። ቤተሰቡ ያን ወር እንዴት እንዳለፈው አውቃለሁ፤ መዋጮውን የሰበሰብኩት እኔ ነኝ።

ከፍታውም አለ። አምና በምድብ ጨዋታ የአንድ ባንክ ሠራተኞች ገጠሙን፤ ሁሉም ወጣት፣ ሁሉም አዲስ ታኬታ። የኛ ለቃሚ እናቶች፣ ቀኑን ሙሉ ተቀምጠው ቡና የሚለቅሙት፣ በአንድ አይሱዙ ተጭነው መጡ። ጀሪካን እንደ ከበሮ እየመቱ። 1 ለ 1 ሆነን መጨረሻው ላይ የማዕዘን ምት አገኘን፤ ሚዛን ላይ ያለው ሰውዬ፣ አርባ ስድስት ዓመቱ ነው፣ ከሁሉም በላይ ዘሎ በግንባሩ አስገባት። ያን ጊዜ የሒሳብ ኃላፊያችንና አንድ ወዛደር ተቃቅፈው ጭቃ ላይ ወደቁ። ሁለቱ ከዚያ በፊት ሰላምታ የሚለዋወጡት በደመወዝ ቀን ብቻ ነበር፤ በመስኮት። ሰኞ ጠዋት ሰውዬው በለቀማ መጋዘኑ በኩል ሲያልፍ መጋዘኑ ሁሉ እልል አለ። ጆንያ ላይ ተደግፎ ፊቱን አዞረ።

ቀጣዩን ጨዋታ ተሸንፈን ከምድብ ወጣን። ለእኔ ግን ያ ሰኞ ከዋንጫ አያንስም። በሁለት ወር ቅጥር የመጣ ልጅ ግብ ቢያገባ እናቶቹ ማንን ነው እልል የሚሉት?

ሥራ አስኪያጁን ክፉ ሰው አድርጌ እንዳላቀርበው። ጅማ አባ ጅፋር ባደገበት ዓመት በ2010 የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ ሲያነሣ ከተማው እንዴት እንደሆነ አይቷል፤ «ከሌላ ቦታ ተጫዋች ባይመጣ ያ ዋንጫ ይመጣ ነበር?» ይለኛል። መልስ ያስፈልገኛል።

ግራ ክንፍ (አዳማ)

እህቴ፣ ጽሑፍሽን ወድጄዋለሁ፤ ግን በሐሳቡ ከሥራ አስኪያጅሽ ጋር ነኝ። ተቆጪኝ።

እኔ ፋብሪካ ነው የምሠራው። የኛ ቡድን በራሱ ሠራተኛ ብቻ ሲጫወት በየዓመቱ ከምድብ ይወጣ ነበር። በሦስተኛው ዓመት የስፖርት በጀቱ ተሰረዘ፤ «ለሽንፈት ማልያ አንገዛም» ተባልን። ከዚያ ሦስት ጥሩ ልጆች ገቡ፣ ለፍጻሜ ደረስን፣ በጀቱ ተመለሰ፣ ሜዳ ኪራይ ተከፈለ፣ የመረብ ኳስ ቡድንም ተጨመረ። ከሦስቱ ልጆች ሁለቱ ዛሬ ቋሚ ሠራተኞች ናቸው፤ አንዱ ማሽን ኦፕሬተር ሆኖ ጎኔ ነው የሚሠራው። ኳስ ባይችል ኖሮ ያንን በር ማን ይከፍትለት ነበር?

ስድስት ሰባት ብዙ ነው፤ በዚህ እስማማለሁ። ሦስት በሉት። ግን በሩን ጨርሳችሁ አትዝጉት። ማሸነፍ የሚፈልግ ሠራተኛም አለ፤ ሁሉም ሰው ለሻይና ለጮርናቄ አይመጣም።

የቀድሞ ዳኛ

ልጄ፣ በዞንም በከተማም ለብዙ ዘመን አጫውቻለሁ። የመሥሪያ ቤት ጨዋታ ከክለብ ጨዋታ ይልቅ የሚያስቸግረው በዚህ በተጫዋች ማንነት ጉዳይ ነው። ዳኛ ካርድ ሰጥቶ የሚጨርሰው ነገር አይደለም።

መጀመሪያ ስለ ደንቡ። ለአዘጋጁ ኮሚቴ ሀሳብ የምታቀርቡ ከሆነ «ተጫዋች ማለት በመሥሪያ ቤቱ የደመወዝ መክፈያ ዝርዝር ላይ ውድድሩ ከመጀመሩ በፊት ቢያንስ ስድስት ወር ስሙ ያለ ሠራተኛ ነው» ተብሎ ይጻፍ። ማስረጃው የስድስት ወር ፔሮል ግልባጭ፣ ፎቶ ያለበት መታወቂያና የጡረታ መለያ ቁጥር ይሁን። ቡናን የመሰለ በወቅት የሚሠራ ቤት ካለ፣ በየዓመቱ እየተመለሱ የሚሠሩት ጊዜያዊ ሠራተኞች እንዳይቀሩ «ባለፈው የሥራ ወቅትም የሠራ» የሚል ይጨመርበት። ይህን የማይጽፍ ኮሚቴ በየጨዋታው ክስ ሲያይ ይውላል።

ሁለተኛ፣ የዕድሜው ጉዳይ መፍትሔ አለው፤ ብዙ ሰው አያውቀውም። የጨዋታ ሕጉ አንቀጽ 3 በተለመደው ውድድር የተቀየረ ተጫዋች ተመልሶ እንዲገባ አይፈቅድም። ለታዳጊ፣ ለአንጋፋ፣ ለአካል ጉዳተኞችና ለማኅበረሰብ ጨዋታ ግን ፌዴሬሽኑ ከፈቀደ ወጥቶ መመለስ ይቻላል። የጨዋታውንም ርዝመት ማሳጠር ይፈቀዳል። ስለዚህ 90 ደቂቃ የሚል ነገር ይቅር፤ ሁለት ሠላሳ ሠላሳ ደቂቃ አድርጋችሁ ቅያሪውን ተመላሽ ብታደርጉት የሚዛኑ ሰውዬ ዐሥር ደቂቃ ሮጦ፣ ወጥቶ ተንፍሶ፣ ለማዕዘን ምቱ ይመለሳል። አጫውቼበታለሁ፤ ጨዋታው ይፈጥናል እንጂ አይበላሽም። ስምንት ሆናችሁ መግባታችሁም ስሕተት አይደለም። ሕጉ ከሰባት በታች ሲሆን ብቻ ነው ጨዋታ የማያስጀምረው።

ሦስተኛ፣ ስለ ሥራ አስኪያጁ ክርክር። አባ ጅፋር ክለብ ነው፤ ተጫዋቹ ሥራው ኳስ ነው። ያም ሆኖ በ2010 ዋንጫ ያነሣው ክለብ በ2014 ከሊጉ ወርዷል። የመሥሪያ ቤት ቡድንን ማመሳከር ከተፈለገ ድሬዳዋን ያንሡለት። የጥጥ ፋብሪካው ቡድን በ1950ዎቹ የኢትዮጵያ ሻምፒዮን የሆነ ቡድን ነበር። የፋብሪካ ስም ይዞ አገር ያሸነፈ ቡድን አለን፤ ያን ስም ድሬዳዋ ላይ ዛሬም የሚያነሣ ሰው አይጠፋም።

ለአዳማው ወንድሜ፦ ሦስቱ ልጆች ሥራ ማግኘታቸው ደስ ይላል። ግን በእውነት ከተቀጠሩ የውጭ ተጫዋች አይባሉም። እኔ የምቃወመው የወረቀት ሠራተኛን ነው።

ንብረት ክፍል

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ተመላሽ ቅያሪ የሚባል ነገር መኖሩን ዛሬ ገና ሰማሁ። ለአምበላችን ደውዬ ስነግረው ስልኩን ሳይዘጋ ስም ዝርዝር ማውጣት ጀመረ። ማን ከማን ጋር ይቀያየራል፣ ማን በመጀመሪያው ዐሥር ደቂቃ ይገባል። የሮመዳኑም ነገር በዚህ ይቀላል፤ የጾመ ሰው ለአጭር ጊዜ ገብቶ ይወጣል።

ግራ ክንፍ፣ አልቆጣህም። በጀት ላይ ያልከው እውነት ነው፤ እኔም የምፈራው እሱን ነው። ግን አንድ ልዩነት አለን። የናንተ ሦስት ልጆች ማሽን ላይ ቆሙ። ለእኛ የቀረበው ሚያዝያ 24 የሚያልቅ ቅጥር ነው። ልጆቹም ይጎዳሉ፤ ያን ሁለት ወር ተስፋ አድርገው ይመጣሉ፣ በማግሥቱ በሩ ላይ ስማቸው የለም። እኔ ደግሞ ማልያ በስማቸው ወጪ አድርጌ ስማቸው ከሌለ ሰው ላይ ነው የምሰበስበው።

ፊዚዮ ጅማ

ስለ ረዳቱ ቁርጭምጭሚት አንብቤ ዝም ማለት አልቻልኩም። በሥራዬ ቅዳሜ ከሰዓትና ሰኞ ጠዋት የሚመጡልኝ አብዛኞቹ የሰፈርና የመሥሪያ ቤት ተጫዋቾች ናቸው፣ ደግሞም አብዛኞቹ ታሽተው ነው የሚመጡት።

ቁርጭምጭሚት ሲዞር በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ቀናት መታሸትም መሳብም የለበትም። ውስጡ ይደማል፣ ማሸት ያባብሰዋል። ያሳርፉት፣ በጨርቅ የተጠቀለለ በረዶ ወይም ቀዝቃዛ ውኃ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ በየጊዜው ያድርጉበት፣ በላስቲክ ፋሻ ይጠቅልሉት፣ እግሩን ከልቡ በላይ ከፍ አድርገው ያስተኙት። አራት እርምጃ መራመድ ካልቻለ ወይም የቁርጭምጭሚቱን አጥንት በኋላ ጠርዙ ሲነኩት በጣም ከታመመ ስብራት ሊሆን ስለሚችል ራጅ ያስፈልገዋል። እዚያው ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል ውሰዱት፤ ወጌሻ ዘንድ አታምሹ።

የመከላከያው ነገር ደግሞ ገንዘብ አይጠይቅም። ፊፋ 11+ የሚባል የማሟሟቂያ ፕሮግራም አለ፤ 15 እንቅስቃሴዎች፣ 20 ደቂቃ። ቀስ ያለ ሩጫ፣ ከዚያ የሆድና የእግር ማጠንከሪያ፣ በአንድ እግር መቆም፣ መዝለል፣ በመጨረሻ ፈጣን ሩጫ። ኖርዌይ ውስጥ በወጣት ሴት ተጫዋቾች ላይ ተሞክሮ በ2008 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት ጉዳት በሲሶ ያህል ቀንሷል። የናንተ ሰዎች ከመጋዘን ወጥተው ሳይሟሟቁ ነው የሚገቡት ብዬ እገምታለሁ፤ አርባ ዓመት ያለፈው ጡንቻ ይህን አይችልም። በአንድ እግር መቆሙን እንኳ ሚዛን ላይ ቆመው በየቀኑ መሥራት ይችላሉ።

ስለ ጫት አንድ ነገር ልበል፤ ማንንም ለመውቀስ አይደለም። ጫት የልብ ምትና የደም ግፊት ከፍ ያደርጋል። በርጫ ላይ አምሽቶ ሳይተኛ በማግሥቱ ጠዋት መሮጥ ለአርባ ስድስት ዓመት ሰው አደጋ ነው። ከአርባ በላይ የሆኑት ግፊታቸውን ይለኩ። ሜዳ ላይ ደረቱን የያዘ ሰው ጨዋታውን ያቁም። ወድቆ ካልነቃና በትክክል ካልተነፈሰ ውኃ መርጨት ትታችሁ ደረቱን መሐል ላይ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ በኃይል ተጫኑ፣ ሌላው ሰው መኪና ይጥራ። ይህን ሁሉም ተጫዋች ማወቅ አለበት።

ቁጥር 5

ይህን ጽሑፍ የሥራ ባልደረባዬ በስልክ ላከልኝ። ወዛደር ነኝ፤ ጭቃው ላይ የወደቅኩት እኔ ነኝ። ብዙ መጻፍ አልችልበትም።

ወንበር ላይ ተቀመጥ ብባል እቀመጣለሁ። ከእኔ የተሻለ ልጅ ካለ ይግባ፣ ኳስ ነው። ያስከፋኝ ሌላ ነው። በቀን ሠራተኛ ስም የሚሉት። የታናሽ ወንድሜ ጓደኞች ጠዋት ዐሥራ ሁለት ሰዓት ላይ በራችን ላይ ይቆማሉ፣ የቀን ሥራ ካለ ብለው። ለዛሬ ሞልቷል ተብለው ይመለሳሉ። በእነሱ ቦታ ኳስ የሚጫወት ስም ከተሞላ፣ እኔ ያን ማልያ ለብሼ በዚያ በር አላልፍም ወላሂ።

ቡድን መሪያችን ሰኞ ይህንንም ትንገርልን። ከጨዋታ በኋላ ማልያችንን ቤቷ ወስዳ እንደምታጥብ እዚህ አልጻፈችም፤ እኔ ጻፍኩት።

ግራ ክንፍ (አዳማ)

ቁጥር 5፣ ወንድሜ፣ ይህን አላሰብኩትም ነበር። ስለ ሦስቱ ልጆች ያልኩትን አልቀይርም፤ ስለ ስሙ ግን ተቀብያለሁ። እውነተኛ ክፍት የሥራ ቦታ ካለ፣ በማስታወቂያ ይውጣ፣ ኳስ የሚችልም ይወዳደር። እህቴ፣ በጀቱን ለማስጠበቅ ሌላ መንገድ ልጠቁምሽ። የጨዋታ ፎቶና ስንት ሠራተኛ እንደተሳተፈ የሚያሳይ አንድ ገጽ ሪፖርት በየሩብ ዓመቱ አስገቢ። ኃላፊ ዋንጫ የሚፈልገው የሚያሳየው ነገር ስለሚያስፈልገው ነው። የሠራተኛ ማኅበራችሁንም አስገቢበት። አዲስ አበባ ላይ ኢሠማኮ (የኢትዮጵያ ሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽን) በሚያዘጋጃቸው ውድድሮች ከእግር ኳስ ሌላ ገመድ ጉተታ፣ ዳማ፣ ገበጣ ሁሉ አለ። ለቃሚ እናቶቹ ገመድ ጉተታ ቢገቡ ዋንጫው ከዚያ ሊመጣ ይችላል፤ ከልቤ ነው የምለው።

ንብረት ክፍል

ቁጥር 5፣ ጽሑፍህን ስቶር ውስጥ ብቻዬን ሆኜ ነው ያነበብኩት። ሰኞ እናገረዋለሁ፤ በራስህ አነጋገር።

ለስብሰባው የያዝኩትን ላስፍር፤ የጎደለ ካለ እስከ እሑድ ማታ ንገሩኝ። የወረቀት ሠራተኛ አይኖርም፤ በዚህ ላይ አልደራደርም፣ ቢያስፈልግ ቡድን መሪነቱን እመልሳለሁ። ተጫዋች የሚሆነው ፔሮል ላይ ያለ ሰው ነው፣ በየወቅቱ የሚመለሱት ጊዜያዊ ሠራተኞች ጭምር፤ ይህ ብቻውን ከመፈልፈያው ሦስት ፈጣን ልጆች ያመጣልናል፣ እስከ ዛሬ ቋሚ ስላልሆኑ ማንም አልጠየቃቸውም። ለአዘጋጅ ኮሚቴው ተመላሽ ቅያሪና አጭር ጨዋታ የሚጠይቅ ደብዳቤ በማኅበሩ በኩል ይሄዳል። በቡና ወቅት ቅዳሜን እንርሳው፤ ይልቅ ማክሰኞና ሐሙስ ከሥራ መግቢያ በፊት ማስጫ ሜዳው ጠርዝ ላይ ያችን 20 ደቂቃ ማሟሟቂያ ብቻ እንሠራለን። ሲሚንቶው ላይ ኳስ አይመታም፣ ግን በአንድ እግር መቆም ይቻላል። ለረዳቶችና ለወዛደሮች ተጎድተው የቀሩበትን ቀን የሚሸፍን ትንሽ መጠባበቂያ ከስፖርት በጀቱ እንዲለይ እጠይቃለሁ፤ ለእኔ ከዋንጫውም ከማልያውም የሚበልጠው ይህ ነው። ገመድ ጉተታውን ለእናቶቹ ዛሬ ነግሬአቸዋለሁ፤ ገመዱን ከስቶር አውጪልን ብለውኛል።

ጋሼ፣ ጅማ ከሆኑ የፊታችን ቅዳሜ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ በሁለት ቡድን ተከፍለን በተመላሽ ቅያሪ እንሞክራለን፤ መጥተው ቢያጫውቱልን የመኪና ወጪዎን ችለን ቁርስ አብረን እንበላለን። ፊዚዮ፣ አንተም ብትመጣ ማሟሟቂያውን አንድ ጊዜ አሳይተህን ሂድ።

ደግሞ ማንም ሰው ቁጥር 43 ታኬታ፣ ያገለገለም ቢሆን፣ ካለው ይንገረኝ። ለበረኛችን ነው።